የረጅም ፀጉር ጫፍ ሲደርቅና ሲሰባበር፦ ጅማ ላይ ደጋግመው የሚጠይቁኝ

ጅማ ውስጥ፣ ከመርካቶ ብዙም በማይርቅ መንደር ትንሽ የሴቶች ፀጉር ቤት አለኝ። ጥያቄ የሚበዛብኝ ሐሙስ ነው። ገበያ የወጣችው ሁሉ ዘንቢሏን በሩ ላይ ታስቀምጥና ሻሿን ፈታ አድርጋ «ኧረ እስቲ ጫፉን እይልኝ» ትለኛለች። ከሰቃ የመጣችውም፣ ከዴዶ የወረደችውም፣ ከዩኒቨርሲቲው ግቢ ብቅ ያለችውም የሚጠይቁኝ አንድ ነው። መልሱን ስደጋግም ስለምውል ጻፍኩት። እዚህ ያለው ስለ ጫፍ ብቻ ነው፤ ፎረፎርና ራሰ በራነት የራሳቸው ጣጣ አላቸው።

ሥሩ ለስላሳ፣ ጫፉ ገለባ። የአንድ ራስ ፀጉር እንዴት ሁለት ዓይነት ይሆናል?

ዕድሜው ነው። ፀጉር በወር በግምት አንድ ሳንቲሜትር ያድጋል፤ በጣም የተጠቀለለው ከዚህ ትንሽ ያንሳል፣ ዞማው ትንሽ ይበልጣል። ፀጉርሽ ተስቦ ሲለካ 50 ሳንቲሜትር ከሆነ ጫፉ ከራስሽ ቆዳ የወጣው ከ4 ዓመት በፊት ነው ማለት ነው። በዚያ ጊዜ ውስጥ ስንት የጥር ሠርግ፣ ስንት ፔስትራ (የጋለ የፀጉር መተኮሻ)፣ ስንት ሹሩባ አልፎበታል! ፀጉር ከላዩ እንደ ዓሣ ቅርፊት የተደራረበ ስስ ሽፋን አለው። ሥሩ አካባቢ ድርቡ ሙሉ ነው። ወደ ታች በወረድሽ ቁጥር በማበጠሪያ፣ በትራስ፣ በልብስ ኮሌታ እየታሸ ይሳሳል፤ መጨረሻው ላይ ይራቆትና ውስጡ ያሉት ክሮች ይበተናሉ። መሰንጠቅ የምንለው እሱን ነው።

ሌላው ወዝ ነው። የራስ ቆዳ የራሱን ወዝ ያወጣል። ዞማ ፀጉር ላይ ወዙ እየተንሸራተተ ይወርዳል፤ ከርዳዳ ፀጉር ላይ ግን በየጥምዝምዙ እየተያዘ ጫፍ ሳይደርስ ይቀራል። ስለዚህ «እኔ እኮ ፀጉሬ ወዛም ነው» የምትለኝ ሴት ጫፏን እንጨት ሆኖ ባገኘው አይገርመኝም።

የተሰነጠቀውን መልሶ የሚያጣብቅ ቅባት የለም?

የለም። ከቆዳ ውጭ ያለው ፀጉር ሕይወት የለውም፤ እንደ ቁስል አይድንም። ሴረም ቀብተሽ ጫፉ ገጥሞ ስታዪው ደስ ይልሻል፣ እኔም እቀባለሁ። ግን መርፌ ልታስገቢ ስትይ የተተረተረውን ክር በምራቅሽ ስታረጥቢው አንድ ላይ አይሆንም? ሲደርቅስ? እንደዚያ ነው። እስከሚቀጥለው እጥበት ያቆይሻል፤ እስከዚያም ፍትጊያውን ይቀንሳል። ጠርሙሱ ላይ «የተሰነጠቀ ጫፍ ይጠግናል» ተብሎ ስለተጻፈ ብቻ እጥፍ ዋጋ አትክፈዪ።

እና ምን ያህል ልቁረጥ?

እዚህ ላይ ከደንበኛ ጋር ስንት ጊዜ ተኳርፈናል መሰላችሁ። «አንድ ጣት ብቻ» ብላኝ ተቀምጣ፣ ስትነሳ አንድ ስንዝር የሄደባት የምትመስላት አለች። ስለዚህ መጀመሪያ እናያለን። ቀጭን ዘለላ ፀጉር ያዢና ነጭ ወረቀት ላይ አጋድሚው፤ በመስኮት ብርሃን እንጂ በአምፖል አይደለም። ጫፉ እንደ ሹካ የተከፈለ ካለ ስንጥቁ እስከ የት እንደወጣ ተከተይ። ከዚያ ከስንጥቁ ግማሽ ሳንቲሜትር ያህል ከፍ ብለሽ ትቆርጫለሽ። ስንጥቁ ላይ ብትቆርጪ ወይም ብትተዪው ወደ ላይ ይቀጥላል፤ እንደ ተቀደደ ነጠላ ነው፣ መጀመሪያ ባልሽ ቦታ አይቆምም።

ርዝመቷን መነካት የማትፈልግ ሴት ላይ የምሠራው ሌላ ነው። ፀጉሩን በትንንሽ ዘለላ እከፍልና እያንዳንዱን እንደ ገመድ እገምደዋለሁ። ሲገመድ የተሰባበረው ሁሉ በየጎኑ እሾህ መስሎ ብቅ ይላል፤ እሱን ብቻ እየለቀምኩ እቆርጣለሁ። ረጅም ፀጉር ላይ አንድ ሰዓት ተኩል ይፈጃል፤ ወገቤን ያመኛል፤ ግን ርዝመቱ ሳይነካ ትሄዳለች። ቤትሽ ራስሽ ልትሞክሪው ትችያለሽ። የሽንኩርት ቅጠልና የወተት ላስቲክ የሚቆረጥበትን የማድ ቤት መቀስ ግን አታንሺ። ደነዝ መቀስ ፀጉሩን አይቆርጠውም፣ ይጨፈልቀዋል፤ የተጨፈለቀው ደግሞ በሳምንቱ ይሰነጠቃል። ለፀጉር ብቻ የሚቀመጥ ስለታም መቀስ ይኑርሽ።

በየስንት ጊዜው? እኔ ቀን አልቆጥርም። ፔስትራ የምታበዛ በሦስት ወሩ፣ ሹሩባ ተሠርታ የምትከርም በስድስት ወሩ ብታሳይ ይበቃታል።

ሲቆረጥ ቶሎ ያድጋል የሚባለውስ?

ፀጉር የሚያድገው ከሥሩ ነው፤ ሥሩ ጫፉ መቆረጡን የሚያውቅበት መንገድ የለውም። የሚሆነው ምን መሰለሽ፣ ጫፉ መሰባበሩን ሲያቆም ያደገው ሁሉ በእጅሽ ይቀራል። ድሮም እያደገ ነበር፤ ከላይ በወር አንድ ሳንቲሜትር እየጨመረ ከታች አንድ ሳንቲሜትር እየረገፈ ነው «ፀጉሬ አላድግ አለ» የምትዪው።

ጫፉ አካባቢ ነጫጭ ነጥቦች አሉ። ቅጫም ነው?

አንዲት እናት ልጇን እያለቀሰች ይዛት መጣች፤ ትምህርት ቤት «ቅማላም» ብለዋታል። ነጥቦቹ ከጆሮ ጀርባ ሳይሆን ከትከሻ በታች ነበሩ። አንዱን ፀጉር ይዤ ነጥቡ ላይ ሳጥፈው ቀጭ ብሎ ተሰበረ። ቅጫም ቢሆን ፀጉሩ ላይ እንደ ሙጫ ተጣብቆ ይቀር ነበር እንጂ ፀጉሩ አይሰበርም፤ ቦታውም ብዙ ጊዜ የራስ ቆዳ አጠገብ ነው። የልጅቷ ፀጉር ሽፋኑ ተልጦ የተፈለቀቀበት ቦታ ነው ነጭ ነጥብ የሆነው፤ ሊሰበር የተዘጋጀ ቦታ ማለት ነው። ጣጣው ከምን መጣ ስል በየሳምንቱ በከሰል እሳት የጋለ ማበጠሪያ ይደረግላት ነበር።

እናቴ ቅቤ ቀቢ ትለኛለች፣ ቲክቶክ ላይ ደግሞ አይሆንም ይላሉ። ማንን ልስማ?

እናትሽን፣ ግን በግማሽ። ቅቤ ፀጉርን ይሸፍናል፣ ያለሰልሳል፣ ፀጉር ከፀጉር ጋር እንዳይፋተግ ያደርጋል። እርጥበት ግን አይሰጥም፤ ከአምስት እጅ አራቱ ስብ ነው። ደረቅ ጫፍ ላይ ቅቤ ብትለቀልቂ ደረቁን ነው የምትሸፍኝው። ስለዚህ መጀመሪያ ጫፉን ውኃ እፍ አድርጊበት፣ ከዚያ የባቄላ ፍሬ የምታህል ቅቤ መዳፍሽ ላይ አቅልጠሽ ጫፉን ብቻ እሺው።

የእናቶቻችን ስህተት ቦታው ላይ ነው። ቅቤው መሃል አናት ላይ ይደረጋል፣ ፀሐይ ያቀልጠዋል፣ በግንባርና በማጅራት ይወርዳል፣ ጫፉ ጋ ጠብ የሚል ነገር የለም። በዚያ ላይ በበጋ የጅማ አቧራ ያርፍበታል። ከዚያ ሽታውን ለማስለቀቅ በፈላ ውኃና በሦስት ዙር ሻምፖ ስትፈትጊው ቅቤው ከሰጠሽ በላይ ይወስድብሻል። እኔ የምመክረው በመታጠቢያሽ ዋዜማ ማታ ጫፉን ቀብቶ፣ በአሮጌ ሻሽ ጠቅልሎ አድሮ ጠዋት መታጠብ ነው። ቅቤው ለጋ ይሁን። ሐሙስ ገበያ በኮባ ቅጠል ከተጠቀለለው ትንሽ ቆንጥረሽ በጣቶችሽ መሃል እሺው፤ በእጅሽ ሙቀት የማይቀልጥ ቅቤ ለፀጉርም ለወጥም ይቅርብሽ።

የኮኮናት ዘይት ካገኘሽ ለዚህ ሥራ ከቅቤ ይሻላል። አብዛኛው ቅባት ላይ ላዩን ነው የሚቀረው፤ ይሄኛው ግን ወደ ፀጉሩ ውስጥ ዘልቆ ይገባል፣ በእጥበት ጊዜ የሚታጠበውን ፕሮቲን ይቀንሳል። ከመታጠብሽ ጥቂት ሰዓት በፊት መቀባት ነው ጥቅሙ። ጠዋት ጠርሙሱ ውስጥ እንደ ሞራ ረግቶ ብታገኚው ተበላሸ ብለሽ አትጣይው። ከ24 ዲግሪ በታች ይረጋል፤ የጅማ ሌሊት ደግሞ ከዚያ ይቀዘቅዛል። ለብ ያለ ውኃ ውስጥ አቁሚው።

ቫዝሊን ሽፋን ብቻ ነው፤ እርጥብ ጫፍ ላይ ትንሽ ቢደረግ አይጎዳም። የጉሎ ዘይት ወፍራም ስለሆነ ብቻውን ረጅም ፀጉር ላይ አታብዢው፣ ያቆላልፋል፤ በቀላል ዘይት አቅጥኚው። ከፋርማሲ የሚገዛው ግሊሰሪን በውኃ ሳይቀጥን ከተቀባ ያጣብቃል፣ አቧራም ይሰበስባል።

እንቁላል፣ አቮካዶ፣ ማር፣ ተልባስ?

ከእነዚህ አንድ ምረጪ ብትዪኝ ተልባ እላለሁ። ሁለት ማንኪያ ተልባ በሁለት ብርጭቆ ውኃ ቀቅለሽ፣ ማላገግ ሲጀምር በትኩሱ አጥልዪው። ቀዝቅዞ ላጥልል ያልሽ እንደሆነ ከወንፊት ጋር ትታገያለሽ። እርጥብ ፀጉር ላይ ሲደረግ ማበጠሪያው ይንሸራተታል፤ የጫፍ መሰባበር ግማሹ ማበጠሪያ ላይ ስለሆነ ይሄ ትልቅ ነገር ነው። ፍሪጅ ውስጥ ከአንድ ሳምንት በላይ አታቆዪው።

እንቁላል ፕሮቲን ነው እውነት ነው፤ ግን ፕሮቲኑ ግዙፍ ስለሆነ ወደ ፀጉሩ አይገባም። እህቴ አንድ ጊዜ ሁለት እንቁላል ቀብታ በሙቅ ውኃ ልታለቅልቅ ሄደች። ፀጉሯ ላይ ፍርፍር ሆነ። ማታ ድረስ በማበጠሪያ ስንለቅም ነበር፤ ስንት ጫፍ እንደተሰበረ ፈጣሪ ይወቀው። አቮካዶውን ብዪው።

ፔስትራ ጨርሼ ልተው?

መተው ከቻልሽ ምን ጥሩ። ግን ሠርግ አለ፣ ምርቃት አለ፣ እኔም ከእሱ ነው የምበላው። ስለዚህ በሕግ እንሥራው። ሙሉ በሙሉ ሳይደርቅ ፔስትራ አይነካም። ሥራውን በምለማመድበት ፀጉር ቤት፣ ሠርገኛ ቸኩላ፣ እኔም ቸኩዬ፣ ጫፉ እርጥብ መሆኑን እያወቅኩ ይዤው ወረድኩ። ጭስስ ሲል ሰማሁት፤ እንፋሎት ወጣ። በወሩ ልጅቷ ተመልሳ ስትመጣ የነካሁት ዘለላ ከሌላው በአራት ጣት አጥሮ ነበር። ፀጉሩ ውስጥ የተያዘው ውኃ ሲፈላ እንፋሎቱ መውጫ ሲያጣ ውስጡን አረፋ አረፋ ያደርገዋል፤ በኋላ እዚያው ላይ ይሰበራል። ዛሬም ያ ድምፅ ሲሰማኝ እጄ ይደነግጣል።

ሙቀቱ ከ180 ዲግሪ አይለፍ፤ ለተጎዳ ጫፍ 150 ይበቃል። ዲግሪ የማያሳይ፣ «ኦን» እና «ኦፍ» ብቻ ያለው ፔስትራ ስንት እንደሚግል አታውቂምና ለረጅም ፀጉር አልመክረውም። አንዴ ማሳለፍ፣ ጫፉ ላይ አለመቆም። ከተቻለ ደግሞ በቢጎዲን (በፀጉር መጠቅለያው) ተጠቅልሎ ካስክ (ራስ ላይ የሚደፋው ማድረቂያ) ውስጥ መድረቅ ከፔስትራ በጣም ይሻላል፤ ሙቀቱ ዝቅ ያለ ነው፣ ብረትም አይነካውም። ጊዜ ይፈጃል፤ ቡና እያፈላን እንጠብቃለን።

ሂጃብ እለብሳለሁ፣ ጠዋት ታጥቤ እርጥቡን አስሬ ነው የምወጣው። ይጎዳል?

ይጎዳል፣ በሁለት መንገድ። እርጥብ ፀጉር ያብጣል፣ ይለጠጣል፣ በቀላሉ ይበጠሳል፤ ላስቲክ የታሰረበት ቦታ ላይ ዙሪያውን ቀለበት እየሠራ ይቆርጠዋል። ከጫፉ አልፎ መሃሉ ላይ የሚሰበረው ፀጉር ብዙ ጊዜ ከዚህ ነው። በዚያ ላይ ሲታፈን ይውልና የራስ ቆዳው ያሳክካል። ማታ ታጥበሽ አድርቀሽ ተኚ። ካልሆነ ፎጣ አትፈትጊበት፤ አሮጌ የጥጥ ካናቴራ ጠምጥመሽ ውኃውን ጨምቂ፣ ከዚያ ላላ ያለ ጉንጉን ሠርተሽ በጨርቅ በተሸፈነ የፀጉር ላስቲክ እሰሪ። የብር ማሰሪያ ላስቲክ ወረቀት ይሠር። ከሂጃቡ ሥር የሳቲን ውስጠኛ ሻሽ ብታደርጊ ጫፉ ከጥጡ ጋር አይፋተግም። ማሰሪያ ቦታውን ደግሞ ቀያይሪው፣ ዛሬ ማጅራት ላይ ከሆነ ነገ ከፍ ይበል።

ማታስ?

ሳቲን። መርካቶ ጨርቅ ተራ በሜትር ይሸጣል፤ አንድ ሜትር ገዝተሽ ለትራስሽ ልብስ አሰፊበት። ባልሽ ያንሸራትተኛል ብሎ ካማረረ ለራስሽ ሻሽ ይበቃሻል።

በክረምትና በበጋ አያያዙ ይለያያል?

ጅማ ላይ ይለያያል። ዝናባችን ከመጋቢት ጀምሮ እስከ ጥቅምት ድረስ ሊሄድ ይችላል፤ በዚያ ጊዜ ችግሩ ድርቀት ሳይሆን አለመድረቅ ነው። ፀጉሩ ቀኑን ሙሉ እርጥብ እየሆነ፣ እያበጠና እየሟሸሸ ይደክማል። ብዙ ጊዜ አትጠቢው፤ ሹሩባ የሚያዋጣው ያኔ ነው። ከኅዳር እስከ የካቲት ደግሞ የቀኑ ፀሐይ ጫፉን ያደርቀዋል፤ ቡና ለቀማና ማስጫ ላይ የዋሉ ሴቶች ፀጉር ከሩቁ ይታወቀኛል፣ ጫፉ ቀላ ይላል። ፀሐይ ነው ያነጣው። ሻሹ ጫፉንም ይሸፍን፣ ጫፉ ተንጠልጥሎ አይዋል።

በነገራችን ላይ ከቆርቆሮ የሚወርድ የዝናብ ውኃ ለማለቅለቂያ ግሩም ነው፤ የጉድጓድ ውኃ የሚይዘው ዓይነት ጨው የለበትም፣ ሻምፖውን ቶሎ ያስለቅቃል። የመጀመሪያው ዝናብ ግን ጣሪያውን ይጠብ፤ ሁለተኛውን ቅጂ።

በሳሙና ብታጠብስ?

ሳሙና፣ በተለይ የልብስ ሳሙና፣ ያንን የዓሣ ቅርፊት የመሰለ ሽፋን ይከፍተዋል፤ ፀጉሩ ሲጨበጥ ሸካራ የሚሆነው ለዚህ ነው። ሌላ ከሌለ ካለቀለቅሽ በኋላ አንድ የሾርባ ማንኪያ አቼቶ በአንድ ሊትር ውኃ በጥብጠሽ አፍሺበት። ሎሚ ጨምቀሽ እንዳለ አትደፊው። ሻምፖ ካለሽ ደግሞ የራስ ቆዳሽን ብቻ እሺ፤ ጫፉን ወደ ታች የሚወርደው አረፋ ያጥበዋል። ኮንዲሽነር የዚህ ተቃራኒ ነው፤ ከጆሮ በታች ያለው ነው የእሱ ድርሻ። ኮንዲሽነሩ እንዳለ፣ ሰፊ ጥርስ ባለው ማበጠሪያ ወይም በሚዶ፣ ከጫፍ ጀምረሽ ወደ ላይ እየወጣሽ አበጥሪ። ከአናት ጀምራ እስከ ታች የምትጎትት ሴት ሳይ ድምፁ ጥርሴን ያመኛል።

ሹሩባ ጫፌን ያድነዋል ወይስ ይጨርሰዋል?

ተሠርቶ እያለ ያድነዋል፤ ሲፈታ ነው የሚጨርሰው። ስድስት ሳምንት ካለፈ የረገፈው ፀጉርና ቆሻሻው ሥሩ ላይ ይጠመጠማል። ስትፈቺው ዘይትና ውኃ እፍ እያልሽ ከታች ጀምሪ፤ ጓደኛ ጥሪ፣ አንድ ፊልም ክፈቱ፣ አትቸኩሉ። ዊግ የተቀጠለበትን ሹሩባ ጫፍ በክብሪት የሚያቃጥሉ አሉ። የራስሽ ጫፍ እስከዚያ ድረስ የወረደ ከሆነ አብሮ ነው የሚቃጠለው፤ አታስነኪ። እንባሽ እስኪመጣ ከጠበቀ ደግሞ ዝም አትበዪ፣ ሠሪዋን «አላዪው» በያት። የጠበቀ ሹሩባ ጫፉን ትቶ የጆሮ ግንድ አካባቢ ያለውን ፀጉር ከሥሩ ይነቅላል፤ የተነቀለው ደግሞ ሁልጊዜ አይመለስም።

የፀጉር ቫይታሚን ልውሰድ?

ለጫፍሽ? አይደርሰውም። የምትበዪው ነገር የሚገኘው ከዛሬ ጀምሮ በሚበቅለው ፀጉር ላይ ነው፤ የዛሬ አራት ዓመት የወጣው ላይ አይደለም። እነዚህ ኪኒኖች ውስጥ የሚበዛው ባዮቲን የሚባል ቫይታሚን ደግሞ የአንዳንድ የደም ምርመራዎችን ውጤት ያዛባል፤ የእንቅርትና የልብ ምርመራም ይገኝበታል። እየወሰድሽ ላብራቶሪ ከሄድሽ ተናገሪ።

ተሰባብሮ ነው ወይስ ረግፎ? ሐኪም ጋ ልሂድ?

ማበጠሪያሽ ላይ የቀረውን አንሺና ጫፎቹን እዪ። አንደኛው ጫፉ ላይ ጥቃቅን ነጭ ፍሬ ካለ ከሥሩ የረገፈ ነው፤ ከሌለና አጫጭር ከሆነ የተሰበረ ነው። የተሰበረው የእኔ ሥራ ነው። ከሥሩ በብዛት የሚረግፍ ከሆነ፣ ክብ ክብ እየሆነ ከተመለጠ፣ ወይም ድካምና የደም ማነስ ካለብሽ ዘይት እየቀያየርሽ ጊዜ አታባክኚ፤ የቆዳ ሐኪም ያስፈልግሻል። ከወለድሽ ሦስት አራት ወር ሆኖሽ ከሆነ ግን አትደንግጪ፤ ያኔ መርገፉ የተለመደ ነው፣ ብዙዎቹ ላይ በራሱ ይቆማል።

የተቆረጠውን ይዤ ብሄድ ቅር ይልሻል?

ምን ቅር ይለኛል፣ ግማሹ ደንበኛዬ ይጠይቀኛል። አንዷ ልትቀብረው፣ አንዷ ለባሏ ልታሳየው፤ ለምን ብዬ አልጠይቅም። ከወንበሩ ሥር ጠርጌ፣ በጋዜጣ ጠቅልዬ፣ ዘንቢሏ ውስጥ ከሽንኩርቱ በላይ አስቀምጥላታለሁ።